አግነስ ሀንት፡- ሕክምናን ወደ አካል ጉዳተኛ ሕፃናት ደጃፍ ያቀረቡ ነርስ

በእንግሊዝ አገር የአጥንት ሕክምና ነርስነት ሙያ ፈር ቀዳጅ ተደርገው የሚቆጠሩት ዴም አግነስ ሀንት ከልጅነት እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ እያነከሱ የኖሩ ሴት ነበሩ፡፡ በአንዲት የገጠር መንደር፣ በጥቂት ሕፃናትና በጥቂት አልጋዎች የጀመሩት የማገገሚያ ቤት በሂደት ለአገሪቱ የአካል ጉዳተኛ ሕፃናት ሕክምና አርአያ ለመሆን በቅቷል፡፡

የእኚህን ሴት የሕይወት ታሪክ ዛሬም ማንሳት ያስፈለገው ባቋቋሙት ሆስፒታል ዝና ብቻ አይደለም፡፡ አንድ ሕፃን ከሆስፒታል ሲወጣ ሕክምናው አብሮ ማብቃት እንደሌለበት፣ ክትትሉም ሕፃኑ ወደሚኖርበት አካባቢ መሄድ እንዳለበት በተግባር ያሳዩ በመሆናቸው ጭምር ነው፡፡ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በስተቀር እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡

አግነስ ሀንት ታኅሣሥ 31 ቀን 1866 በለንደን ከተማ ተወለዱ፡፡ ቤተሰቡ ባለርስትና ብዙ ልጆች የነበሩት ሲሆን፣ ከዌልስ ጋር በሚዋሰነው የሽሮፕሻየር አውራጃ፣ ባስቸርች በተባለች መንደር አቅራቢያ ቦሪያተን ፓርክ የሚባል ሰፊ ይዞታ ነበረው፡፡ አግነስም የልጅነት ዘመናቸውን ጥሩ ክፍል ያሳለፉት በዚያ የገጠር ኑሮ ውስጥ ነበር፡፡

ገና ልጅ ሳሉ ግን ደማቸው በመመረዙ ሳቢያ የዳሌ አጥንታቸው ክፉኛ ታመመ፡፡ በዚያን ጊዜ ኢንፌክሽንን የሚያጠፋ መድኃኒት አልነበረም፡፡ እንዲህ ያለው ሕመም የደረሰበት ሕፃን ወይ ይሞታል፣ ወይ አጥንቱ እየመገለ ለዓመታት ከአልጋ ሳይወርድ ይኖራል፡፡ አግነስ በሕይወት ቢተርፉም እግራቸው እንደ ቀድሞው አልሆነላቸውም፤ ሕመሙም ዕድሜያቸውን ሙሉ አልተለያቸውም፡፡

እናታቸው ጠንካራና ቆፍጣና ሴት እንደነበሩ ይነገርላቸዋል፡፡ የልጃቸውን ሕመም ለሐዘኔታ መነሻ አላደረጉትም፡፡ አግነስ እንደ ወንድሞቻቸውና እንደ እኅቶቻቸው እንዲጫወቱ፣ ፈረስ እንዲጋልቡ፣ ከቤቱ ሥራም ድርሻቸውን እንዲወጡ ይጠበቅባቸው ነበር፡፡ ይህ አስተዳደግ በዛሬው ዓይን ሲታይ ጨከን ያለ ቢመስልም፣ አግነስ ግን ኋላ ላይ ለታማሚ ሕፃናት ያላቸውን አያያዝ የቀረጸው እርሱ ነው፡፡

አባታቸው ከሞቱ በኋላ በ1880ዎቹ እናታቸው ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አውስትራሊያ አቀኑ፡፡ ዓላማቸው በዚያ ከብትና ፍየል እያረቡ ለመኖር ነበር፡፡ ውጥኑ እንደታሰበው አልሰመረም፡፡ ሆኖም አንዲት አንካሳ ወጣት ሴት ያለ አገልጋይና ያለ ምቾት ራሷን ችላ መኖር እንደምትችል አግነስ የተረዱት በዚያ አገር ነው፡፡

ወደ እንግሊዝ ሲመለሱ ነርስ ለመሆን ወስነው ነበር፡፡ በ1887 በዌልስ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው ሪል ከተማ፣ ሮያል አሌክሳንድራ በተባለ የሕፃናት ሆስፒታል ትምህርት ጀመሩ፡፡ ሆስፒታሉ ታማሚ ሕፃናትን በባሕር ነፋስና በፀሐይ ብርሃን እንዲያገግሙ የሚያደርግ ነበር፡፡ ንጹሕ አየር ለታመመ አጥንት የሚሰጠውን ጥቅም አግነስ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በዚህ ሥፍራ ነው፡፡

የሥልጠናው መንገድ ግን ቀላል አልነበረም፡፡ የዚያን ዘመን የነርስነት ሥራ ረጅም ሰዓት መቆምን፣ ደረጃ መውጣትና መውረድን፣ ከባድ ዕቃ መሸከምን ይጠይቅ ነበር፡፡ እያነከሰች የምትሄድ ተማሪ ሥራውን አትችለውም የሚል ጥርጣሬ በየደረሱበት ይገጥማቸው ነበር፡፡ አግነስ ግን ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ትምህርታቸውን አጠናቅቀው የነርስነት ሙያቸውን አስመሰከሩ፡፡

ከዚያም ቤት ለቤት እየዞሩ ድሆችን የሚያክሙ ነርሶችን በሚያሰማራው አገልግሎት ውስጥ ገቡ፡፡ በሥልጠና ላይ ሳሉ ያገኟቸው ኤሚሊ ጉድፎርድ የተባሉ ነርስ የቅርብ ወዳጃቸውና የረጅም ዘመን የሥራ ባልደረባቸው ሆኑ፡፡ ሁለቱ ሴቶች በድሆች ጎጆ ውስጥ እየገቡ ቁስል አጥበዋል፣ ወላዶችን አርሰዋል፣ በወረርሽኝ የተያዙትንም አስታመዋል፡፡

በዚህ ሥራቸው ላይ ሳሉ በየቤቱ ጥግ የሚያዩት አንድ ነገር ነበር፡፡ በአንድ ክፍል ውስጥ ቤተሰቡ በሙሉ ሲኖር፣ በማዕዘኑ በኩል ከአልጋ የማይነሳ ሕፃን ይገኛል፡፡ ጀርባው የጎበጠ፣ ጉልበቱ የታጠፈ ወይም ዳሌው የመገለ ነው፡፡ እናቲቱ ሌሎቹን ልጆች ለማብላት ሥራ ስትውል እርሱ በጨለማው ክፍል ብቻውን ይውላል፡፡

የጉዳቱ መንስኤዎች የታወቁ ነበሩ፡፡ ቀዳሚው የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቲቢ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ሕፃናት በበሽታው የሚያዙት ከታመሙ ላሞች የታለበ ያልተፈላ ወተት በመጠጣት ነበር፡፡ ሁለተኛው ጭስ በሸፈናቸው የኢንዱስትሪ ከተሞች ፀሐይና በቂ ምግብ ያጡ ሕፃናትን እግር የሚያጎብጠው ሪኬትስ ነው፡፡ የልጅነት ልምሻ የሚባለው ፖሊዮ፣ ከውልደት ጀምሮ የሚከሰት ቆልማማ እግርና የዳሌ ውልቃትም ሌሎቹ ናቸው፡፡

አጠቃላይ ሆስፒታሎች እነዚህን ሕፃናት መቀበል አይፈልጉም ነበር፡፡ አንድ የታመመ መገጣጠሚያ እስኪድን አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል፡፡ አልጋው ለዚህን ያህል ጊዜ ከተያዘ ሌሎች ድንገተኛ ሕሙማን ቦታ ያጣሉ፡፡ በዚህም ምክንያት ሕፃኑ ለጥቂት ሳምንታት ከታከመ በኋላ ሳይድን ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር፡፡

አግነስ ሀንት በ1900 በባስቸርች መንደር ፍሎረንስ ሃውስ በተባለው ቤት የማገገሚያ ሥፍራ ከፈቱ፡፡ እናታቸውና ወዳጃቸው ኤሚሊ ጉድፎርድ በሥራው አብረዋቸው ነበሩ፡፡ የመጀመሪያው ዕቅድ ከሕመም የሚያገግሙ ሰዎችን ለጥቂት ሳምንታት ማሳረፍ ነበር፡፡ ብዙም ሳይቆይ ግን ሌላ መጠጊያ የሌላቸው አካል ጉዳተኛ ሕፃናት ይመጡ ጀመር፡፡

ቤቱ ለእነዚህ ሕፃናት የተሠራ አልነበረም፡፡ የመኝታ ክፍሎቹ ከፎቅ ላይ በመሆናቸው መራመድ የማይችል ሕፃን በየዕለቱ በደረጃው ላይ በሸክም መውጣትና መውረድ ነበረበት፡፡ ነርሶቹ ጥቂት ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዷ ራሳቸው አንካሳ ነበሩ፡፡ መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ከቤቱ ጀርባ ባለው ግቢ አንደኛው ጎናቸው ክፍት የሆነ የእንጨት ዳሶች መሥራት ነው፡፡

ሕፃናቱ በበጋም በክረምትም በእነዚህ ዳሶች ውስጥ ይተኙ ነበር፡፡ ዝናብና በረዶ ሲጥል መከለያ ይጋረዳል፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስም ይደረባል፡፡ ጎብኚዎች ነገሩን እንደ ጭካኔ ቢመለከቱትም ውጤቱ የሚካድ አልነበረም፡፡ የገረጡት ፊቶች ቀሉ፣ የምግብ ፍላጎታቸው ጨመረ፣ ለወራት ሲመግል የቆየ ቁስልም ይደርቅ ጀመር፡፡

ጀርመናዊው ሐኪም ኩርት ሁልድሺንስኪ የአልትራቫዮሌት ጨረር ሪኬትስን እንደሚያድን በምርምር ያረጋገጡት በ1919 ነው፡፡ በባስቸርች ዳሶች ውስጥ የነበሩት ሕፃናት ግን የፀሐይን ጥቅም ሳይንሱ ምክንያቱን ከመግለጹ በፊት ለዓመታት አግኝተውታል፡፡ ደረጃ መውጣት ካለመቻል የመጣው ዘዴ ራሱ መድኃኒት ሆኖ ተገኝቷል ማለት ይቻላል፡፡

በባስቸርች ያለው ኑሮ በሐዘን የተዋጠ አልነበረም፡፡ አግነስ ሕፃናቱ እንዲስቁ፣ እንዲረብሹና እርስ በርስ እንዲረዳዱ ይፈልጉ ነበር፡፡ በጀርባው የተኛ ሕፃን እጆቹ ደህና ከሆኑ በእጆቹ የሚሠራው ነገር ይሰጠዋል፤ ትምህርትም ከአልጋው ሳይነሳ ይማራል፡፡ በሕፃናቱ ፊት ስለ ጉዳታቸው በሐዘኔታ መናገር አይወደድም ነበር፡፡

ይሁን እንጂ ንጹሕ አየርና ፍቅር ብቻቸውን የተጣመመ አጥንት አያቀኑም፡፡ ለዚህ ሐኪም ያስፈልግ ነበር፡፡ ሐኪሙም በሊቨርፑል ከተማ ተገኙ፤ ስማቸው ሮበርት ጆንስ ይባላል፡፡ በ1857 በዚያችው በሪል ከተማ የተወለዱት ጆንስ፣ የአጥንት ስብራትን ደግፎ በሚይዝ የብረት መሣሪያቸው የሚታወቁት የሂዩ ኦወን ቶማስ የቅርብ ዘመድና ደቀ መዝሙር ነበሩ፡፡ አጎታቸው በ1891 ከሞቱ በኋላም በሊቨርፑል የነበረውን የሕክምና ሥራቸውን ተረክበው ቀጥለዋል፡፡

አግነስ ወደ ጆንስ የሄዱት በመጀመሪያ የራሳቸውን ዳሌ ለማሳየት ነበር፡፡ ሐኪሙ የእርሳቸውን ሕመም ሲመረምሩ እርሳቸው ደግሞ ስለ ባስቸርች ሕፃናት ነገሯቸው፡፡ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሁለቱ የሥራ ግንኙነት ሠላሳ ዓመት ገደማ ዘልቋል፡፡

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሕፃናቱን ወደ ሊቨርፑል መውሰድ የነርሶቹ ሥራ ነበር፡፡ መራመድ የማይችሉትን በሕፃናት ጋሪ ላይ ደርድረው ወደ ባቡር ጣቢያ ይገፋሉ፤ ከባቡር አውርደው እንደገና በከተማው መንገድ ይገፋሉ፡፡ ማታ በዚያው ሁኔታ ይመለሳሉ፡፡ በጄሶ የታሰረን ሕፃን እንዲህ ማጓጓዝ ለሕፃኑም ለነርሷም ሥቃይ ነበር፡፡

ጆንስ ይህን ባዩ ጊዜ ራሳቸው ወደ ባስቸርች መምጣት ጀመሩ፡፡ በዘመኑ ከታወቁት የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች አንዱ የሆኑት ሐኪም፣ በየጊዜው በባቡር ወደ አንዲት መንደር እየመጡ የድሆችን ልጆች ይመረምሩ፣ ቀዶ ሕክምናም ያደርጉ ነበር፡፡ ከጊዜ በኋላ በግቢው ውስጥ የቀዶ ሕክምና ክፍል ተሠራ፣ የራጅ መሣሪያም ተተከለ፡፡ የማገገሚያው ቤትም ሙሉ ሆስፒታል ሆነ፡፡

አግነስና ባልደረቦቻቸው ትልቁን ችግር የተረዱት ግን ሥራው መልካም እየሆነ በሄደበት ወቅት ነው፡፡ ቀጥ ብለው በእግራቸው እየሄዱ ከባስቸርች የወጡ ሕፃናት ከወራት በኋላ እንደገና ተጣምመው ይመለሱ ነበር፡፡ የአንድ ዓመት ድካም በስድስት ወር ውስጥ ይፈርስ ነበር ማለት ነው፡፡

ምክንያቱ የቀዶ ሕክምናው ጉድለት አልነበረም፡፡ ሕፃን ያድጋል፤ የእግሩ ብረት ግን አያድግም፡፡ ብረቱ ሲጠብ ቆዳውን ይልጠዋል፣ ሕፃኑ ሲያለቅስ እናቲቱ ታወልቅለታለች፡፡ ጄሶው ይሰነጠቃል፣ የጫማው ተረከዝ ያልቃል፣ የታዘዘው እንቅስቃሴም ይረሳል፡፡ ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፤ የባቡር መሳፈሪያ ደግሞ ከአባትየው የቀን ምንዳ ላይ የሚቀነስ ነው፡፡

በየቤቱ ሲዞሩ የኖሩት አግነስ በእናቶቹ ላይ አልፈረዱም፡፡ ጥፋቱ ሕክምናውን ከሕሙማኑ ኑሮ ርቆ ያስቀመጠው አሠራር መሆኑን ተገነዘቡ፡፡ በመሆኑም በ1900ዎቹ የመጀመሪያ አሥር ዓመታት ማብቂያ ገደማ በአካባቢው ከተሞች የክትትል ክሊኒኮች መክፈት ጀመሩ፡፡

አሠራሩ ቀላል ነበር፡፡ በገበያ ከተማው አንድ ክፍል በውሰት ወይም በኪራይ ይገኛል፡፡ በአጥንት ሕክምና የሠለጠነች ነርስ በተወሰነ ቀን ወደዚያ ትሄዳለች፡፡ እናቶች ለገበያ ሲመጡ ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፡፡ ነርሷ ብረቱን ታስተካክላለች፣ ጄሶውን ትመለከታለች፣ ጡንቻን የሚያጠናክር እንቅስቃሴ ታሠራለች፣ ለእናቲቱም በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚደረግ ታሳያለች፡፡ ሐኪሙም በየተወሰነ ጊዜ እየመጣ ከበድ ያሉትን ይመረምራል፡፡

የአካባቢው ነዋሪዎች በበጎ ፈቃደኝነት ኮሚቴ አቋቁመው ክፍሉን ያዘጋጁ ነበር፡፡ መምጣት ያልቻሉትን ያመጣሉ፣ የቀሩትንም ቤታቸው ድረስ ሄደው ይጠይቃሉ፡፡ በዚህ ዓይነት ሆስፒታሉ ሕፃኑን ከላከው በኋላ አያጣውም፤ ሕፃኑም ሆስፒታሉን አያጣውም፡፡

ክሊኒኮቹ ሌላም ያልታሰበ ጥቅም አስገኙ፡፡ ለክትትል የሚመጡት እናቶች የጎረቤቶቻቸውን ልጆችም ይዘው ይመጡ ጀመር፡፡ ቀደም ሲል ጉዳቱ ከከፋ በኋላ ብቻ ይታዩ የነበሩ ሕፃናት አሁን ገና እግራቸው መጉበጥ ሲጀምር፣ ገና ማነከስ ሲጀምሩ መታየት ቻሉ፡፡ ቶሎ የታየ ሕፃን በጥቂት ወራት ብረትና እንቅስቃሴ ይድናል፤ ዘግይቶ የመጣ ግን ለዓመታት ይተኛል፡፡ ክሊኒኩ የአልጋ ጥበቃን ያቃልል የነበረው በዚህ መንገድ ነው፡፡

በ1914 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ የባስቸርች ሆስፒታል ቁስለኛ ወታደሮችንም ተቀበለ፡፡ ሮበርት ጆንስ ለእንግሊዝ ጦር የአጥንት ሕክምና ኃላፊ ሆነው ተሾሙ፡፡ የአጎታቸው የቶማስ የእግር ብረትም በጦር ሜዳ የጭን አጥንታቸው የተሰበረ ብዙ ወታደሮችን ከሞት አተረፈ፡፡ አግነስ ሀንትም ለሰጡት አገልግሎት በ1918 የንጉሣዊ ቀይ መስቀል ሜዳይ ተሸለሙ፡፡

ከጦርነቱ በኋላ የአገሪቱ መንግሥትና ሕዝብ ለአካል ጉዳት ያላቸው አመለካከት መለወጥ ጀመረ፡፡ እጅና እግራቸውን ያጡ ብዙ ወጣቶች ወደየቤታቸው በመመለሳቸው ጉዳዩን ችላ ማለት አልተቻለም፡፡ ለወታደሩ የተገኘው ሕክምና ለሕፃኑ የማይገኝበት ምክንያት ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ተነሳ፡፡

በ1919 ሮበርት ጆንስና የኦክስፎርዱ ሐኪም ገርድልስቶን ለመላ አገሪቱ የሚያገለግል ዕቅድ በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ፡፡ በየአካባቢው አንድ ማዕከላዊ ሆስፒታል በገጠር እንዲቋቋም፣ በዙሪያውም የክትትል ክሊኒኮች እንዲዘረጉ የሚጠይቅ ነበር፡፡ የዕቅዱ ምሳሌ ባስቸርች መሆኑ ግልጽ ነበር፡፡ ሥራውን የሚያስተባብር አገር አቀፍ ኮሚቴም በዚያው ጊዜ ተቋቋመ፤ በተከታታዮቹ ዓመታትም ተመሳሳይ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች በብዙ አውራጃዎች ተከፈቱ፡፡

የባስቸርች ግቢ በታካሚዎች ብዛት በመጣበቡ በ1921 ሆስፒታሉ ኦስዌስትሪ ከተማ አጠገብ ወደሚገኘው ፓርክ ሆል ተዛወረ፡፡ ሥፍራው በጦርነቱ ጊዜ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል የነበረበት ነው፡፡ አግነስ በ1926 ለአገልግሎታቸው ዴም የሚል የክብር ማዕረግ ተሰጣቸው፡፡ ሮበርት ጆንስ በ1933 ከዚህ ዓለም በሞት ከተለዩ በኋላ ሆስፒታሉ በሁለቱ ስም እንዲጠራ ተደርጓል፡፡

አግነስ ሀንት ከዚህ በኋላም ያልተመለሰ አንድ ጥያቄ ነበራቸው፡፡ ሕፃኑ ታክሞ አደገ፣ ክትትልም አገኘ፤ ከዚያስ በምን ይተዳደራል? ጉዳቱ ሙሉ በሙሉ ያልዳነ ወጣት ሥራ ካላገኘ ከቤተሰቡ ትከሻ አይወርድም፡፡ የሰው እጅ እያየ መኖሩም ሕክምናው የሰጠውን ተስፋ መልሶ ይነጥቀዋል፡፡

ለዚህ መልስ እንዲሆን በ1927 ከሆስፒታሉ አጠገብ ደርወን የተባለ የሙያ ማሠልጠኛ ተከፈተ፡፡ ወጣቶቹ በዚያ እየኖሩ ልብስ ስፌት፣ ጫማ ሥራና የመሳሰሉትን የእጅ ሙያዎች ተምረው ራሳቸውን እንዲችሉ ይደረግ ነበር፡፡ የአግነስ እምነት የአካል ጉዳተኛ ትልቁ ፍላጎት ምጽዋት ሳይሆን ሥራ ነው የሚል ነበር፤ ለዚህም ራሳቸው ምስክር ነበሩ፡፡ በ1930ዎቹ የጻፉት የትዝታ መጽሐፋቸውም ይህንኑ መንፈስ ያንጸባርቃል፡፡

ይህ ሲባል የዘመኑ አሠራር እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም፡፡ በእነዚያ የገጠር ሆስፒታሎች የተኙ ሕፃናት ከወላጆቻቸው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ተለይተው ይኖሩ ነበር፡፡ የጉብኝት ቀን ውስን ነበር፡፡ ገና በሁለትና በሦስት ዓመቱ የገባ ሕፃን ሲወጣ እናቱን እንደ እንግዳ የሚያይበት ጊዜም ነበር፡፡

ረጅም መለያየት በሕፃናት አእምሮና ስሜት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በሚገባ የተጠናውና የሆስፒታሎች የጉብኝት ደንብ የላላው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፡፡ ጥንካሬን የሚያስተምረው አያያዝም ለሁሉም ሕፃን እኩል የሚስማማ አልነበረም፡፡ ሕመሙን መናገር የሚፈልግ ሕፃን ዝም ማለትን ይማር ነበር፡፡ የክትትል ክሊኒኩ ትልቅነት የሚታየውም ከዚህ አንጻር ነው፤ ሕፃኑ ከቤተሰቡ ሳይለይ የሚታከምበትን መንገድ የከፈተው እርሱ ነውና፡፡

ዴም አግነስ ሀንት ሐምሌ 24 ቀን 1948 በ81 ዓመታቸው አረፉ፡፡ የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሥራ የጀመረው በዚያው ወር በ5ኛው ቀን ሲሆን፣ በልግስናና በመዋጮ ሲተዳደር የኖረው ሆስፒታላቸውም የመንግሥት አገልግሎት አካል ሆኗል፡፡ አልጋ ለማግኘት የለጋሽ ደጅ መጥናት የቀረበትን ጊዜ ለሦስት ሳምንታት ያህል አይተው ማለፋቸው ነው፡፡

ከእርሳቸው ሞት በኋላ ዳሶቹን ሞልተው የነበሩት በሽታዎች በየተራ ተሸነፉ፡፡ የቲቢ መድኃኒት የሆነው ስትሬፕቶማይሲን በ1943 ተገኝቶ በተከታዮቹ ዓመታት በስፋት ተሠራጨ፡፡ የፖሊዮ ክትባት በ1955 ለአገልግሎት በቃ፡፡ ወተትን በሙቀት ከጀርም ማጽዳትና የተሻለ አመጋገብም የአጥንት ቲቢንና ሪኬትስን ቀነሱ፡፡ የኦስዌስትሪው ሆስፒታል ዛሬም በአጥንት ሕክምና የታወቀ ነው፤ ደርወንም የመማር ችግርና ልዩ ልዩ የአካል ጉዳት ያለባቸው ወጣቶች የሚማሩበት ኮሌጅ ሆኖ ቀጥሏል፡፡

ሕክምናን ወደ ማኅበረሰቡ የማቅረቡ ሐሳብ ግን ከበሽታዎቹ ጋር አላረጀም፡፡ በ1978 በአልማ አታ የተካሄደው ዓለም አቀፍ ጉባኤ የመጀመሪያ ደረጃ የጤና እንክብካቤ ሕዝቡ ወደሚኖርበትና ወደሚሠራበት ሥፍራ እንዲቀርብ መግባባት ላይ ደረሰ፡፡ የዓለም ጤና ድርጅትም ከዚያ በኋላ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ አገልግሎትን አስፋፋ፡፡ በዚህ አሠራር ቤተሰብና የአካባቢ ሠራተኛ ሠልጥነው፣ የአካል ጉዳትና የዕድገት መዘግየት ያለባቸውን ሕፃናት በየቤታቸው ይረዳሉ፡፡

በአገራችንም የጉዳዩን ክብደት የሚያሳይ ግልጽ ምሳሌ አለ፡፡ ከውልደት ጀምሮ ለሚከሰት ቆልማማ እግር በኢትዮጵያ የሚሰጠው ሕክምና በዶክተር ኢግናስዮ ፖንሴቲ ስም የሚጠራው ዘዴ ነው፡፡ የሕፃኑ እግር በየሳምንቱ በሚቀየር ጄሶ ቀስ በቀስ ይቃናል፡፡ ከዚያ በኋላ ለሦስት ወራት ያህል ቀንና ሌሊት፣ ቀጥሎም እስከ አራት ዓመት ዕድሜው ድረስ በመኝታ ጊዜ ልዩ ጫማ ያደርጋል፡፡

የሕክምናው ስኬት የሚወሰነው በዚያ ጫማ ነው፡፡ ጫማው ከተተወ እግሩ ተመልሶ ይቆለመማል፡፡ ከሩቅ ገጠር ልጇን አዝላ የምትመጣ እናት የመጓጓዣ ገንዘብ ሲያጥራት፣ ሥራ ሲበዛባት፣ ወይም እግሩ የዳነ ሲመስላት ቀጠሮውን ልትተው ትችላለች፡፡ ከመቶ ዓመት በፊት የሽሮፕሻየርን እናቶች የገጠማቸው ችግር ከዚህ የተለየ አልነበረም፡፡

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኞችን ወደየቀበሌውና ወደየቤቱ ያደረሰ በመሆኑ፣ እንዲህ ያሉትን ሕፃናት ቶሎ ለይቶ ወደ ሕክምና ለመላክና ክትትላቸውን ለማስታወስ ትልቅ ዕድል ይሰጣል፡፡ ኢትዮጵያ በ2010 የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ማጽደቋም የጤና አገልግሎት በተቻለ መጠን ለሚኖሩበት አካባቢ ቅርብ እንዲሆን የመጣር ግዴታን ያስከትላል፡፡

የሚቀረው ሥራ ግን በሕግና በመዋቅር ብቻ የሚያልቅ አይደለም፡፡ ልጅን ከእንግዳ ዓይን በጓዳ የሚሰውር፣ ጉዳቱንም እንደ እርግማን የሚቆጥር ቤተሰብ ዛሬም አለ፡፡ እንዲህ ያለውን ቤት የሚያንኳኳ፣ ሳይፈርድ የሚያዳምጥና ልጁ ሊታከም እንደሚችል የሚናገር ሰው ያስፈልጋል፡፡

አግነስ ሀንት የሠሩት ሥራ ከዚህ የራቀ አልነበረም፡፡ ሐኪም አልነበሩም፤ አዲስ መድኃኒትም አላገኙም፡፡ በገበያ ከተማ አንድ ክፍል ለምነው፣ አንዲት የሠለጠነች ነርስ መድበው፣ እናቶች በሚመቻቸው ቀን በሩን ከፍተው ጠበቁ፡፡ በዚያ በር የገቡ ብዙ ሕፃናት ቆመው ለመሄድ በቅተዋል፡፡